ከእድር ደንብ እስከ ሕገ መንግሥት፦ ለዜግነትና ለታሪክ መምህራን

ከምሳ በኋላ ያለው ክፍለ ጊዜ ነው። ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል፤ ስልሳ የሚጠጋ ተማሪ በየዴስኩ ሦስት ሦስት ሆኖ ተጣቧል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ «የሕግ የበላይነት» ብሎ ጽፎ ትርጉሙን ያስገለብጣል። ከኋላ አንዱ ልጅ ስልኩን በደብተር ከልሎ ቲክቶክ ያያል። ጠጋ ብለው ቢመለከቱ የሚያየው በዓፄ ምኒልክ ስም የሚሰዳደቡ ሁለት ሰዎችን ነው። ይህን ልጅ ታሪክ አልሰለቸውም። የሰለቸው ማስገልበጡ ነው።

ይህ መመሪያ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ዜግነት ወይም ታሪክ ለሚያስተምሩ መምህራን ነው፤ ሌላ ክፍለ ከተማ ያሉም የሰፈሩን ስም ቀይረው ይጠቀሙበት። የሚያስፈልግዎ የፎቶ ኮፒ ገንዘብ፣ ጥቂት ትልልቅ ወረቀት፣ ማርከር፣ በየሳምንቱ ከመደበኛው ትምህርት የምትቆረስ አንዲት ክፍለ ጊዜና ሁለት ወር ነው። ፕሮጀክተር አያስፈልግም፤ ቢኖርም መብራት ይጠፋል።

ትምህርታችን ስሙን ሲለዋውጥ ኖሯል። በንጉሡ ዘመን ግብረ ገብ ነበር፤ በደርግ ዘመን የፖለቲካ ትምህርት መጣ፤ ከ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ በኋላ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ተባለ፤ አሁን ዜግነት ሆኗል። ከተማሪው የሚጠበቀው ግን ያው የነገሩትን መልሶ መናገር ሆኖ ቀርቷል። አሥራ አንዱን የሥነ ዜጋ እሴቶች ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት የሚያነበንብ ስንት ሰው አለ፤ ወረዳ ሄዶ አቤቱታ መጻፍ ግን ያስፈራዋል። ስለዚህ እዚህ የማቀርበው መንገድ ከትርጉም አይጀምርም። ተማሪው እጅ ላይ ወረቀት ያስቀምጥና ሁልጊዜ እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች ያስጠይቃል፦ ማን ጻፈው? ለማን ተጻፈ? ማን ሊለውጠው ይችላል? ጥያቄዎቹን ካርቶን ላይ ጽፈው ከሰሌዳው በላይ ይስቀሉ፤ እስከ መጨረሻው አይወርዱም።

መጀመሪያ፦ የእድሩን ደንብ ይዛችሁ ኑ

የመጀመሪያው የቤት ሥራ የቤተሰብን እድር መተዳደሪያ ደንብ ማምጣት ነው። እንደ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ባለ ቦታ የሚኖሩት የጋራ ሕንፃ ማኅበራቸውን ደንብ ያምጡ፤ የጋራ ሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚቋቋም ስለሆነ ደንቡ የሆነ ሰው መሳቢያ ውስጥ አለ። አንዳንድ የእድር ጸሐፊ ለልጅ ወረቀት አሳልፎ መስጠት ቅር ይለዋል፤ በስልክ ፎቶ ማንሳት ወይም ቁጭ ብሎ በእጅ መገልበጥ ይበቃል። ከስልሳው አሥሩ ካመጡ ተሳክቶልዎታል።

ክፍል ውስጥ አንዱን ደንብ ለአምስት ለስድስት ተማሪ ይስጡ። (የድሮው 1ለ5 ትዝ ብሎዎት እንዳይደነግጡ። ያን ጊዜ አንዱ ይጽፍና አራቱ ስማቸውን ያስጽፉ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ በግሉ ይያዝ።) ጥያቄዎቹ የሚጨበጡ ይሁኑ። ዳኛው እንዴት ይመረጣል፣ እንዴትስ ይወርዳል? ገንዘብ ያዡ ሂሳቡን ለማን ያሳያል? ለቅሶ የቀረ ሰው ስንት ይቀጣል፣ «በደል ደረሰብኝ» ቢል ማን ይሰማዋል? ደንቡን ለማሻሻል ስንት ሰው መስማማት አለበት?

አንድ ዓመት አንዲት የመካኒሳ ልጅ ያመጣችው ደንብ አባልነቱን በአባወራው ስም ይመዘግባል። ባል ሲሞት ሚስት እንደ አዲስ አባል መመዝገቢያ ከፍላ ትገባለች ይላል። ልጅቷ ይህን ስታነብ ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ አንብባ ስትጨርስ ግን «እናቴ ሃያ ዓመት ሙሉ ወጥ የሠራችው በማን ስም ነው?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጊዜ ሳላጠፋ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 35 የሴቶች መብት አወጣሁና ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስነበብኳቸው። እኩልነትን በትርጉም ሳስተምር በነበረባቸው ዓመታት ያን የመሰለ ጸጥታ ገጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ወዲያ ወደ ትልቁ ደንብ መሻገር ቀላል ነው። ለእድሩ የጠየቁትን ለሕገ መንግሥቱ ይጠይቁ። የማሻሻያው መንገድ አንቀጽ 105 ላይ አለ፤ የመብቶቹን ምዕራፍ ለመንካት የሁሉም ክልሎች ምክር ቤቶች በድምፅ ብልጫ፣ የተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ መስማማት አለባቸው። እድሩ ደንቡን ለመለወጥ ምን ያህል ድምፅ ይጠይቃል? እዚህስ ለምን እንዲህ ከበደ? ክርክሩ ራሱ ይነሳል።

አንድ ምክር ልጨምር። መጀመሪያ የሚያስነብቧቸው አንቀጽ የራሳቸው ይሁን። አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 1 (ሠ) ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህ ሲነበብ የስልሳ ልጅ ዓይን በመስኮት በኩል ጎማ ይዞ ወደሚንጎራደደው ዩኒት ሊደር ይዞራል። ይሣቁ። ሣቁ ሲበርድ «ታዲያ ይህ ሳይከበር ሲቀር ለማን ይነገራል?» ብለው ይጠይቁ።

የዜግነት መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሕገ መንግሥቱን ግን በአማርኛው ያስነብቡ። ምክንያቱ የልጆቹ እንግሊዝኛ ደካማ መሆኑ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው አንቀጽ 106 የመጨረሻ ሕጋዊ ዕውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ይላል። ተማሪው በእንግሊዝኛ የሚያጠናው ሕግ ክርክር ቢነሳ የሚዳኘው በአማርኛው ነው ማለት ነው። የትኛው ቋንቋ ያሸንፋል የሚለው ጥያቄ ደግሞ በቀጥታ ወደ ውጫሌ ይወስደናል።

ቀጥሎ፦ ውጫሌን ሳይነግሯቸው ያጣሏቸው

ይህ የምወደው ክፍለ ጊዜ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት።

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል ሃያ አንቀጾች አሉት። አንቀጽ 17 በአማርኛው ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጻጻፍ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ ተወሰደ፤ ሮም በዚያ ተመርኩዛ ኢትዮጵያ ጥገኛዬ ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች።

ይህን ለተማሪዎቹ አስቀድመው አይንገሯቸው። የአማርኛውን ሐሳብ በአንድ ቁራጭ ወረቀት፣ የኢጣሊያንኛውን ደግሞ ወደ አማርኛ መልሰው በሌላ ቁራጭ ይጻፉ። ሁለቱም ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይምሰሉ። የግራው ረድፍ አንዱን፣ የቀኙ ሌላውን ይውሰድ። አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ምኒልክ ለእንግሊዝ ንግሥት ደብዳቤ ለመላክ በኢጣሊያ በኩል የግድ ማለፍ አለባቸው ወይስ የለባቸውም?» ግራው «የለባቸውም» ይላል፤ ቀኙ «አለባቸው»። አንዱ ሌላውን ማንበብ አትችልም እያለ ይሳደባል። ሦስት ደቂቃ ያህል ይተዋቸው። ከዚያ ወረቀቱን ይቀያየሩ።

ወረቀቱ ሲቀያየር ክፍሉ ውስጥ የሚሰማውን «እእ!» ለመስማት ብቻ ሲል ሰው መምህር ሊሆን ይችላል።

ታሪኩን አሁን ይንገሯቸው። ምኒልክ ነገሩን ያወቁት በ1882 ዓ.ም.፣ ለአውሮፓ ነገሥታት ለጻፉት ደብዳቤ የመጣው መልስ በኢጣሊያ በኩል ካልሆነ አንቀበልም የሚል ሲሆን ነው። ሦስት ዓመት በደብዳቤ ተከራከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ሆነ፤ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ውጫሌ ተሰረዘ። ዐድዋን ከጎራዴና ከጋሻ አስቀድሞ በአንድ ግስ ያስተማሩት ተማሪ፣ ፒያሳ የሚገኘውን በ2016 ዓ.ም. የተመረቀውን የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሲጎበኝ ፎቶ ተነስቶ ብቻ አይመለስም።

አራቱን ሕገ መንግሥታት ግድግዳ ላይ

አራት ትልልቅ ወረቀት ይለጥፉ፤ በእያንዳንዱ ላይ ዓመተ ምሕረትና የአንቀጽ ብዛት ብቻ ይጻፉ፦ 1923፣ 55 አንቀጽ። 1948፣ 131። 1979፣ 119። 1987፣ 106። የቀረውን ተማሪዎቹ ይሙሉት። ሙሉ ጽሑፉን የሚፈልግ ጎበዝ ተማሪ ካለ ወደ ወመዘክር ይላኩት፤ የትምህርት ቤት ደብዳቤ ይዞ ይሂድ።

የ1923ቱን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ የጃፓኑን የሜጂ ሕገ መንግሥት መነሻ አድርገዋል። (የመጀመሪያውን የአማርኛ ቴአትር የጻፉትም እሳቸው መሆናቸውን ይጥቀሱ፤ የአማርኛ መምህሩም ደስ ይለዋል።) ሰነዱ ከንጉሡ የተሰጠ ነው። በውስጡ ለአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንደ ማር የሚጣፍጥ ነገር አለ፦ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ የሕግ መምሪያ አባላትን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጣሉ ይላል። ሦስቱን ጥያቄዎች እዚህ ላይ ያንሱ። «ሕዝቡ ደርሷል» የሚለው ማን ነው? በምን ይለካል? አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላቸው፣ በአንቀጽ 38 መሠረት ገና የማይመርጡ ልጆች ናቸውና ጥያቄው ቆዳቸውን ይነካል። አንዱ «ለእኛም እንደዚሁ ነው የሚሉን» ማለቱ አይቀርም።

ሌሎቹን በአጭሩ ያሳልፉ። በ1948ቱ ሕዝቡ የሕግ መምሪያ አባላትን እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ ሥልጣኑ ግን ከዙፋኑ ሥር አልወጣም። በጥር 1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ የጸደቀው ሥልጣኑን ለሠርቶ አደሩ ሕዝብ ሰጥቶ በአንድ ፓርቲ መሪነት አሰረው። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀውና ነሐሴ 15 ቀን በሥራ ላይ የዋለው ሉዓላዊነትን ለብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ሰጠ። በየወረቀቱ አናት ላይ ተማሪዎቹ አንድ ቃል ይጻፉ፤ የሥልጣኑ ባለቤት ማን ነው?

መጨረሻ ላይ ድምፅ ያሰጡ። ኢትዮጵያ መቼ ተመሠረተች? አክሱም ይላል አንዱ፤ 1888 ይላል ሌላው፤ 1923፣ 1967፣ 1987 የሚልም አይጠፋም። አሜሪካኖች አንድ ወረቀትና አንድ ቀን አላቸው፤ 1776። የእኛ መንግሥት ከወረቀቶቹ ይልቅ ዕድሜው ረዘም ያለ ነው፤ ሕገ መንግሥት ሳይጻፍ በፍትሐ ነገሥት ሲዳኝ ኖሯል። ስለዚህ ድምፁን ይቁጠሩ፣ ውጤቱን ይጻፉ፣ መልስ ግን አይስጡ። «ቲቸር፣ ትክክለኛው የቱ ነው?» ሲሉዎት ያመጣችሁት ማስረጃ ምን ይላል ብለው ይመልሱላቸው።

ነገር ሲከር

ይከራል። የመጀመሪያ ዓመቴን ስሕተት ልናገር። ክፍሉን ለሁለት ከፍዬ «ምኒልክ ጀግና ናቸው ወይስ ወራሪ?» የሚል ክርክር አዘጋጀሁ። ሦስተኛው ተናጋሪ ላይ ስንደርስ ምኒልክ ተረስተው የማን አያት ምን ሆነ ወደሚል ነገር ተገባ፤ አንዲት ልጅ አልቅሳ ወጣች፤ እኔ ደግሞ በማግስቱ ቢሮ ተጠርቼ ቆምኩ። ጥፋቱ የልጆቹ አልነበረም። «ወይስ» የሚለውን ቃል የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ሁለት ሐውልት አቀርባለሁ። አንዱ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ያለው የምኒልክ ሐውልት ነው፤ በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዋዜማ ተመረቀ፣ ጣሊያን አንስቶ ቀበረው፣ ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ቆመ። ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. በአርሲ ሄጦሳ የተመረቀው የአኖሌ መታሰቢያ ነው። ለሁለቱም ጥያቄው ያው ነው፤ ማን አቆመው? ለማን? ማን ሊያነሳው ይችላል፣ ማንስ አንስቶት ያውቃል? ልጆቹ ስለ ሟቹ ንጉሥ ሲከራከሩ ባይስማሙም፣ ስለ ድንጋዩና ስላቆመው ሰው ሲጠይቁ አብረው ይሠራሉ።

ሁለት ነገር ግን ፈጽሞ አያድርጉ። የልጅን ብሔር አይጠይቁ፤ «አንተ የዚያ አገር ሰው ነህና ንገረን» ብለው አንድን ተማሪ የሕዝብ ጠበቃ አያድርጉት። ሁለተኛ፣ የራስዎን ፓርቲ ከበር ውጭ ይተዉት። ቲክቶክ ላይ ያየውን ይዞ የሚመጣውን ደግሞ አያሳፍሩት፤ ቪዲዮውን ሰሌዳው ፊት ያጫውተውና ሦስቱን ጥያቄዎች ራሱ ይጠይቅ።

የሰፈሩን ሽማግሌ መጠየቅ

ነፋስ ስልክ የሚለው ስም ራሱ ታሪክ ነው፤ ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ። ላፍቶ፣ ጀሞ፣ ፉሪ የአፋን ኦሮሞ ስሞች ናቸው። ጎፋ በደቡብ ያለ ሕዝብ ስም ነው፤ እዚህ ምን አመጣው? የሳር ቤትስ የሳር ክዳኑ ቤት የት ሄደ? እያንዳንዱ ተማሪ የአንድ ቦታ ስም ይያዝና ቢያንስ ሁለት አረጋዊ ይጠይቅ። ሁለቱ የተለያየ ነገር ከነገሩት እሰየው፤ ሁለቱንም ይጻፍ። ወላጅ ማወቁንና ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው መሄዳቸውን ያረጋግጡ።

ከዚህ የሚበልጠው ግን ዘማቾችን ማግኘት ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60,000 ገደማ የሁለተኛ ደረጃና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ዛሬ ዕድሜያቸው ሰባ እየሆነ ነው፤ በየሰፈሩ፣ በየእድሩ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ያገኟቸዋል። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ በእሷ ዕድሜ ከቤቱ ወጥቶ መሬት ያከፋፈለ ሰው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ሲያወራ መጽሐፉ የማይነግራትን ትሰማለች፤ ፍርሃቱን፣ ትኋኑን፣ ዘፈኑን፣ ያልተመለሱትን ጓደኞች። ጥያቄ አሥር ይጽፉ ግን ሦስቱን ብቻ ይጠይቁ፤ ሽማግሌ ካስቸኮሉት ዝም ይላል።

እግረ መንገድዎን ቀበሌ ከየት እንደመጣ ያስጠይቁ። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47/1967፣ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበርን አቋቋመ፤ ቀበሌ የምንለው ከዚያ ወጣ። አንዱ ተማሪ «የአያቴ ቤት የተወረሰው በዚህ ነው» ሲል ሌላው «እኛ ቀበሌ ቤት ያገኘነው በዚህ ነው» ይላል። አንድ አዋጅ፣ ሁለት ቤተሰብ። እዚህ ላይ መምህሩ ምንም መናገር የለበትም።

ጉብኝት የሚችል ትምህርት ቤት ሩቅ መሄድ የለበትም። ከሳር ቤት የሚታየው የአፍሪካ ኅብረት አዲሱ ሕንፃ የቆመው ዓለም በቃኝ የተባለው የድሮ ወህኒ ቤት በነበረበት ቦታ ነው። በአጥሩ ዳር ቆሞ ይህን ብቻ መናገር የአንድ ሰዓት ውይይት ያስጀምራል።

ምን ያህል ማርክ

ከመቶ አሥራ አምስት ያህል ይስጡት፤ ማርክ የሌለበትን ሥራ ተማሪም ወላጅም አያከብረውም። የሚያርሙት የያዘውን አቋም አይሁን፤ ሦስቱን ጥያቄዎች መጠየቁንና ማስረጃ ማምጣቱን ይዩ።

መጨረሻ፦ ወረዳ የሚገባ ደብዳቤ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብ መብትን ይሰጣል፤ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ግልጽ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 49 የአዲስ አበባ ነዋሪ ራሱን በራሱ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አለው ይላል። ተማሪዎቹ አንድ ትንሽ፣ የሚታይ፣ ወረዳው ሊሠራው የሚችል ጉዳይ ይምረጡ። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ በትምህርት ቤቱ በር የእግረኛ ማቋረጫ አለመኖሩ፣ ያልበራ የመንገድ መብራት። «ሙስና ይጥፋ» ብለው ቢመጡ ይመልሱላቸው፤ መልስ የሚሰጥበት ሰው የለውም።

አስቀድመው ርዕሰ መምህሩን ያስፈቅዱ። ልጆቹ ጉዳዩን በሜትር ይለኩት፣ ፎቶ ያንሱት፣ በቀን ስንት ሰው እንደሚያልፍበት ሦስት ጠዋት ቆመው ይቁጠሩ። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይለፍ። «ጉዳዩ፦» ከሚለው ሥር የሚጠየቀው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀመጥ፤ «በታላቅ አክብሮት» እስከ ገጹ ግማሽ አይዘርጋ። አራት ተማሪዎች ይዘውት ይሂዱ፤ እርስዎ ውጭ ይጠብቁ።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሁን። አንዱን ለመዝገብ ቤት ይስጡ፤ በቀሪው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ ሳያስደርጉ እንዳይወጡ አጥብቀው ይንገሯቸው። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «ተዉት፣ እናየዋለን» ብትል «ቀሪው ላይ ይፈርሙልን» ማለትን ክፍል ውስጥ አስቀድመው ያለማምዷቸው፤ አንዱ ተማሪ ሠራተኛ፣ ሌላው ባለጉዳይ ሆኖ። ይህች ዓረፍተ ነገር ከዓመቱ ትምህርት ሁሉ ለመናገር ከባዷ ናት።

የተፈረመበት ቀሪ ከአራቱ ሕገ መንግሥታት አጠገብ ይለጠፍ። ከሥሩ ባዶ ወረቀት ያድርጉ፤ በየዓርቡ ተረኛው ተማሪ ቀኑን ጽፎ «መልስ አልመጣም» ወይም «መጣ» ይበልበት። ሰኔ ላይ መልሱ ካልደረሰ ክፍሉ ለክረምት ከመዘጋቱ በፊት ሁሉንም ነቅለው በፖስታ ያሽጉና መስከረም ላይ ለሚመጡት ያስረክቡ፤ የመጀመሪያ ሥራቸው ቁጥሩን ጠቅሰው ሁለተኛውን ደብዳቤ መጻፍ ይሆናል።